ልጆችን አንድ በአንድ ማዳመጥ፦ የአንደኛ ክፍል ዓመት ከመስከረም እስከ ሰኔ

በጥቅምት ማለዳ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር ሥር የሚያልፍ ሰው አንድ የሚያውቀውን ድምፅ መስማቱ አይቀርም። ከሃምሳ የሚበልጡ ሕፃናት በአንድ አፍ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» ይላሉ። ድምፁ ደስ ያሰኛል፤ ወላጅን ያኮራል፤ በኮሪደሩ ለሚያልፉት ርዕሰ መምህርም ትምህርቱ በሚገባ እየተካሄደ መሆኑን ይመሰክራል። በሽሮ ሜዳ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለፈው የትምህርት ዘመን፣ እየጠራልኝ የመጣው ነገር ይህ ድምፅ ስለ ክፍሉ እንጂ ስለ ልጁ የሚነግረን ነገር አለመኖሩ ነው። በኅብረት ሲባል የሚያውቀውም፣ ጓደኛውን የሚከተለውም፣ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅሰውም እኩል ያነበቡ ይመስላሉ። አንድ ልጅ ምን እንደተማረ የሚታወቀው የሌሎቹ ድምፅ ጋብ ብሎ የእሱ ድምፅ ብቻውን ሲሰማ ነው። የአንደኛ ክፍል መምህር ዋና ሥራም፣ እንደ እኔ እምነት፣ ያንን ድምፅ ከመስከረም እስከ ሰኔ ደጋግሞ መስማት ነው።

መስከረም ላይ በመዝገብ የሚሰፍሩት ልጆች ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ቢሆንም መነሻቸው አንድ አይደለም። አንዱ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን ኦ ክፍልን ጨርሶ የመጣ ነው። ሌላዋ በግል መዋዕለ ሕፃናት ቆይታ፣ ክፍያው ወላጆቿን ስለከበዳቸው ወደ እኛ የተዛወረች ናት። ሌላው ደግሞ እርሳስ ይዞ የማያውቅ፣ ደብተር ሲሰጠው በየትኛው ወገን እንደሚከፈት ጓደኛውን አይቶ የሚያውቅ ልጅ ነው። ሽሮ ሜዳ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ የሸማኔ ሰፈር ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ቤተሰቦች ነጠላውንና ጋቢውን እየሸመኑ ትውልድ ያሳለፉበት በመሆኑ፣ በብዙ ቤት ውስጥ ጋሞኛ ይነገራል፤ አማርኛ ከበር ውጭ ይጀምራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መሠረት ጥሏል። ስለዚህም ጨንቻ ላይ ትምህርት የሚጀምር ልጅ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በጋሞኛ ሲማር፣ የእሱው የአጎት ልጅ ሽሮ ሜዳ ላይ ፊደሉንም ቋንቋውንም በአንድ ጊዜ መያዝ ይጠበቅበታል። ይህን ሁለት ሸክም የሚሸከም ልጅ ዝም ሲል «ፈዛዛ» ተብሎ ይታለፋል። ዝምታው ግን ብዙውን ጊዜ የሥራ ዝምታ ነው፤ የሰማውን እየተረጎመ ነው።

ስለ አንድ ልጅ ዘርዘር አድርጌ ልናገር። አባቱ ቀድመው መጥተው ሲሸምኑ ቆይተው ቤተሰባቸውን በቅርብ ያመጡ ሰው ናቸው። ልጁ ሲመሽ ማጉን በቀሰም እያጠነጠነ አባቱን ያግዛል። በጥቅምት መጀመሪያ ወደ ጠረጴዛዬ ጠርቼው፣ ከሰሌዳው ጎን ከተሰቀለው የፊደል ገበታ ላይ የ«በ»ን ረድፍ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ያለ አንዳች መሰናክል «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ» አለኝ። ጣቱን ስመለከት ግን አፉ «ቦ» ላይ ሲደርስ ጣቱ ገና «ቤ» ላይ ነበረች። ቀጥዬ በቁራጭ ወረቀት ላይ «ቢ»ን ብቻዋን ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቱን አየ፤ ዓይኑን ወደ ገበታው አቀና፤ ከ«በ» ጀምሮ በለሆሳስ እየቆጠረ ሄዶ፣ በእጁ ያለው ቅርጽ ከገበታው ቅርጽ ጋር ሲገጥምለት «ቢ!» አለ። መልሱ ትክክል ነው። ይህን ልጅ በፈተና ወረቀት ላይ ያገኘው ሰው «ያውቃል» ብሎ ያልፈዋል፤ ያለ ገበታ ያገኘው ደግሞ «አያውቅም» ይለዋል። ሁለቱም ልጁ ያለበትን ቦታ አላገኙትም። እሱ ፊደሏን ሳይሆን ወደ ፊደሏ የሚያደርሰውን መንገድ ያውቃል፤ መንገዱም ከረድፉ መጀመሪያ ብቻ ይነሣል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅርብ ተከታትያለሁ። ኅዳር ላይ ዓይኑ ወደ ገበታው መሄዱን ተወ፤ ከንፈሩ ግን መንቀሳቀሱን ቀጠለ። ታኅሣሥ ላይ ከንፈሩም ጸና፤ አውራ ጣቱ ብቻ በሌሎቹ ጣቶቹ ላይ እየተረማመደች ስትቆጥር በጠረጴዛው ሥር ትታየኝ ነበር። ጥር ላይ «ቢ» ስለው «ቢ» ብሎ ጻፈ፤ ምንም ነገር አልቆጠረም። ከሁሉ የበለጠው ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። «ሚ»፣ «ሲ» እና «ሊ» የተጻፉባቸውን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በቀኝ እግራቸው ግርጌ ያለችውን ትንሽ ቅጥያ በጥፍሩ እየነካ «ቲቸር፣ ይቺ እኮ ሁሉም ላይ አንድ ናት» አለኝ። የአማርኛ ፊደል 33 ቤቶች፣ ማለትም እንደ «በ» ያሉ ረድፎች፣ እያንዳንዳቸው በ7 ቅርጽ ሲዘረጉ 231 ቅርጾች ናቸው፤ እንደ «ቧ» ያሉት ዲቃሎች ሲታከሉ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል። ሁሉንም እንደ ልዩ ልዩ ሥዕል በቃል ለመያዝ የሚሞክር ልጅ መንገዱ ይረዝምበታል። የቅጥያዋን ነገር የደረሰበት ልጅ ግን አንድ ጊዜ ባገኘው ቁልፍ ብዙ በር ይከፍታል። «ሪ»ን እና «ፊ»ን የመሳሰሉት ከሥርዓቱ ያፈነገጡ ፊደላት ኋላ ያስቸግሩታል፤ እነሱም ቢሆኑ የሚያስቸግሩት ሥርዓቱን ስላወቀ ነው። «ሪ ለምን እንደ ሚ አልሆነችም?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ካላወቀው ልጅ እጅግ ርቆ ሄዷል።

ይህ ችግር የእኛ ዘመን ችግር አይደለም፤ አባቶቻችን መፍትሔም አበጅተውለት ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሪው በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁን በረድፍ ከቆጠረ በኋላ በቀጥታ ወደ ንባብ አይገባም። አቡጊዳን ይማራል። በአቡጊዳ ፊደላቱ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» ተብለው ስለሚደረደሩ፣ ቤቱም ድምፁም በየእርምጃው ይለዋወጣል፤ የለመደው ዜማ አይረዳውም። ሀሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ መምህሩም የት እንደቆመ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ነው ፊደለ ሐዋርያ ወደሚባለው፣ ከዮሐንስ መልእክት ወደሚወሰደው ንባብ የሚያልፈው። በቄስ ትምህርት ቤት ስላለፉ አዛውንቶች ስናወራ ብዙ ጊዜ አለንጋውንና ድግግሞሹን እናነሣለን። የኔታ ተማሪውን አንድ በአንድ ፊታቸው አስቀምጠው መስማታቸውንና ሳያውቅ አለማሳለፋቸውን ግን እንዘነጋለን። ከዚያ ሥርዓት አለንጋውን ትተን ማዳመጡን ብንወስድ ለዛሬው ክፍል ትልቅ ስንቅ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔም በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የፊደል ገበታውን ረድፍ አዘበራርቄ በካርድ እሠራለሁ፤ የአንደኛ ክፍል ማስተማሪያ ሁሉ ቀርቶ አንድ ነገር ብቻ ይኑርሽ ብባል እነዚህን ካርዶች እመርጣለሁ።

አንድ በአንድ መስማት በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ በሰዓት ሲሰላ ግን ይከብዳል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ሃምሳ አራት ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን ለማዳመጥ ቢሞከር ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም፤ ስም ጥሪውና የቤት ሥራ እርማቱም አልተቆጠሩም። ስለዚህ የምሠራው እንዲህ ነው። ሌሎቹ የክፍል ሥራ ሲሠሩ በቀን አምስት ልጆችን ብቻ ወደ ጠረጴዛዬ አስጠጋለሁ፤ በዚህ አካሄድ ክፍሉን ለማዳረስ ከሁለት ሳምንት ትንሽ ይበልጣል። በዚያን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ አይልም። ደብተር ይቀማሙበታል፤ እርሳስ ይቀረጽበታል፤ «ቲቸር መታኝ» የሚል አይጠፋም። ከሰልፍ በፊት ቀደም ብለው የሚደርሱ ልጆችንም በረንዳ ላይ አዳምጣለሁ። ከእያንዳንዱ ልጅ የሰማሁትን የምጽፍበት አንድ ወፍራም ደብተር አለኝ፤ ማርክ የለበትም። «ሳድስ (ስድስተኛው የፊደል ድምፅ) ላይ ትቆማለች»፣ «ቃሉን ከሥዕሉ ይገምታል»፣ «ከተቀመጠችበት ሰሌዳው አይታያትም» የሚሉ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጨረሻው ዓይነት ማስታወሻ ስንት ልጅ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት እንዳመጣ ሳስብ፣ ከዘዴዎች ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ልጁን ቀርቦ ማየት መሆኑን እርግጠኛ እሆናለሁ።

የልጆች ቁጥር ሲቀንስ ምን እንደሚሆን በአንድ አጋጣሚ አይተናል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጋቢት 2012 ዓ.ም. የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ በአንድ ክፍል ከ25 የማይበልጡ ተማሪዎች እንዲቀመጡና በፈረቃ እንዲማሩ ተደረገ። ልጆቹ የሚማሩባቸው ቀናት ስላነሱ የጠፋው ጊዜ ብዙ ነበር፤ ጉዳቱን ማቃለል አልፈልግም። ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት የእያንዳንዱን ልጅ ድምፅ በየሳምንቱ እሰማ ነበር። አንድ ልጅ «ረ»ን እና «ፈ»ን ማምታታት ሲጀምር በዚያው ሳምንት አውቃለሁ፤ ስሕተቱ ሥር ሳይሰድ ይታረማል። ክፍሎቹ ተመልሰው ሲሞሉ የጠፋው ይህ ነው። የተማሪ መምህር ጥምርታ የሚባለው ቁጥር በሪፖርት ላይ ደረቅ አኃዝ ይመስላል፤ ለአንደኛ ክፍል ልጅ ግን ትርጉሙ በወር ስንት ጊዜ ብቻውን ይሰማል ማለት ነው።

ታኅሣሥ ብዙዎቹ ልጆች ፊደላቱን ወደ ቃል የሚያገጣጥሙበት ወር ነው፤ በዓመቱ ውስጥ እንደዚህ የምወደው ጊዜ የለም። ከዚያ በፊት ልጁ «በ…ግ» ይላል፤ ሁለቱንም ፊደል በትክክል ጠርቷል፤ «ታዲያ ምንድን ነው?» ሲባል ግን ግራ ይገባዋል። ምክንያቱ ሳድስ ነው። ፊደል ሲቆጥር «ግ»ን ለብቻዋ ሲጠራት ከሥሯ ትንሽ ድምፅ ይከተላታል፤ በቃል ውስጥ ግን ያ ድምፅ ጠፍቶ ከፊተኛው ጋር ትጣበቃለች። ይህን በደንብ ማስረዳት አይቻልም፤ ልጁ ራሱ ቃሉን እያፈጠነ ደጋግሞ ሲጠራ ጆሮው ይይዘዋል። አንዲት ልጅ «በ…ግ፣ በ-ግ፣ በግ» ብላ ስታበቃ በድንገት ቀና ብላ «በግ! ያ በግ!» ብላ ጮኸች። ፊደላቱን ካወቀች ወራት አልፈዋል። በዚያች ሰዓት ያገኘችው አዲስ ነገር ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ እሷ በየዕለቱ ከምትናገረው ነገር ጋር አንድ መሆኑን ነው።

ቋንቋውን ገና የሚለምዱት ልጆች ይህ ደስታ የሚዘገይባቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቃሉን በጆሮው የማያውቅ ልጅ ፊደላቱን በትክክል ቢያገጣጥምም የደረሰበትን አያውቅም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። የገና በዓል ሲቃረብ ስለ ገና ጨዋታ አጭር ምንባብ እናነባለን፤ በየዓመቱም ርዕሱን አላልተው «ገና አልደረሰም» እንደሚባለው የሚያነቡ ልጆች አሉ። ፊደሉ ያው ስለሆነ ስሕተቱን የሚያርመው የዓረፍተ ነገሩ ፍሬ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ከማንበብ በፊት ስለ ጉዳዩ እናወራለን፤ ገናውን ማን አየ፣ እሩሯ ከምን ትሠራለች፣ እናንተ ሰፈር የት ይጫወታሉ እያልን። ይህን ወሬ አንዳንድ ሰው ጊዜ ማባከን አድርጎ ያየዋል። እኔ የማየው ግን የንባቡ ግማሽ ሥራ አድርጌ ነው፤ በተለይ ለሸማኔ ሰፈር ልጆች።

ስለ ሒሳብ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እናቷ ጉሊት የሚሸጡ አንዲት ልጅ «20 ሲቀነስ 12» የሚለውን ጥያቄ በደብተሯ ላይ ባዶውን ትታው አገኘኋት። «አንድ ሰው 20 ብር ሰጥቶሽ የ12 ብር ካሮት ቢገዛ ስንት ትመልሻለሽ?» ስላት ዓይኗን ሳታሽ «ስምንት» አለች። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት «ከ12 ተነሥቼ 15 ለመድረስ ሦስት፣ ከዚያ አምስት» አለችኝ። ሰሌዳው ላይ የምናስተምረው ከትልቁ ቁጥር እየቀነሱ መውረድን ነው፤ እሷ ግን ከትንሹ እየጨመረች ትወጣለች፤ ገበያ ውስጥ መልስ የሚቆጠረውም እንደዚያ ነው። በማግሥቱ መንገዷን ለክፍሉ ሁሉ በሰሌዳ ላይ አሳየች፤ ከዚያ ወዲያ በመቀነስ ላይ ባዶ የሚተው ልጅ በጣም አነሰ። ማጉን የሚያጠነጥነው ልጅም በዕይታ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር አሳይቶኛል። የወረቀቱን ጠርዝ በሐረግ አስጊጡ ስላቸው ሌሎቹ ሁሉ ከግራ ጥግ ጀምረው ቀኙ ጋ ሲደርሱ ቦታ አነሳቸው፤ እሱ ግን አስቀድሞ ወረቀቱን አጥፎ መሀሉን አገኘ፤ ከዚያም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል እየቆጠረ ሄደ። ጥለት እንዴት እንደሚከፈል ከአባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ አይቷል። እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ባዶ እጃቸውን አይገቡም፤ ያመጡትን የሚጠይቃቸው ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በየካቲት ሲጀምር ብዙ ነገር ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል። በእረፍቱ የረሱት አለ፤ ብርዱም አለ፤ ጠዋት በእንቅልፍ የሚያንጎላጁ ልጆችም አሉ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ በዚህ ረገድ ያመጣውን ለውጥ ክፍል ውስጥ የማይገባ ሰው ሙሉ በሙሉ ሊረዳው አይችልም። ቀድሞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛው ላይ ይደፉ የነበሩ ልጆች ዛሬ እጃቸውን ያወጣሉ። ቁርስ የበላ ልጅ ሁሉ ያነባል አልልም፤ ያልበላ ልጅ ግን የማያነበው የማንበብ ችሎታ አጥቶ እንዳልሆነ ለዓመታት አይቻለሁ።

በዚሁ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚሰማው ያገኘ ልጅ ከሌላው መለየት ይጀምራል። አንዲት ልጅ ከየካቲት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ ንባቧ እንዲያ ሲቀየር ምክንያቱ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ አያቷ ሊወስዷት ሲመጡ ጠየቅኋቸው። እኚህ እናት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ የተማሩ ናቸው። «እኔማ ልጄ፣ ሌላ የማውቀው የለም፤ ማታ ማታ ወጡ እስኪበስል አጠገቤ ቁጭ ብላ ታነብልኛለች፤ ስትሳሳት እንደገና በይው እላታለሁ፤ በቃ» አሉኝ። የቤት አስጠኚ ከሚቀጠርላቸው ልጆች ይልቅ ይህች ልጅ ወደ ፊት ሄዳለች። አያቷ ያደረጉት ነገር ለጆሯቸው ጊዜ መስጠት ብቻ ነው፤ ለአንደኛ ክፍል ልጅም ከዚህ የሚበልጥ ነገር ብዙ የለም።

እዚህ ላይ በአገር ደረጃ ያለውን ሁኔታ ማንሣት ተገቢ ነው፤ የእኔ ክፍል ብቻውን የቆመ አይደለምና። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተካሄደ የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ለክፍሉ ከተመጠነ ምንባብ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም። የዓለም ባንክ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መረጃ ደግሞ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው 10 ዓመት ከደረሱ ልጆች ከ100ው 90ዎቹ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ትምህርት ቤት የገቡ፣ በሰልፍ የቆሙ፣ በኅብረት ሀሁ ያሉ ናቸው። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ለማምጣት የተሠራው ሥራ ታላቅ ነው፤ የእኔ እናት ሴት ልጅ በመሆኗ ብቻ የተነፈገችውን ዛሬ ተማሪዎቼ እንደ ተራ ነገር ያገኙታል። ነገር ግን መጽሐፍ ሲቀየር፣ ሥርዓተ ትምህርት ሲታደስ፣ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ ተብሎ እርከኑ እንደገና ሲደራጅ፣ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ የሚሰማበት ጊዜ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ቦታ ሊያገኝ ይገባው ነበር። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ «የማዳመጫ» ተብሎ ቢመደብ፣ ረዳት መምህር ቢኖርም ባይኖርም፣ ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ለውጥ ያመጣል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ሰኔ የሮስተርና የካርድ ወር ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ የመምህሩ ድምፅ ከሦስተኛ ወንበር ወዲያ አይሰማም፤ ስለዚህ ብዙውን ነገር የሚናገሩት ቁጥሮች ይሆናሉ። ወላጅ ካርድ ሊቀበል ሲመጣ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ስንተኛ ወጣ?» ደረጃ ለወላጅ ቀላል መረጃ በመሆኑ አልፈርድባቸውም፤ ለልጁ ግን ከልኩ በላይ ይከብዳል። መስከረም ላይ ማንበብ ችላ የመጣች ልጅ ሰኔ ላይም አንደኛ ትሆናለች፤ ምናልባት በመሀሉ የጨመረችው ጥቂት ነው። ከምንም ተነሥቶ ዓረፍተ ነገር ያነበበ ልጅ ደግሞ ሠላሳ ስምንተኛ ሊወጣ ይችላል። ካርዱ ላይ የመጣበትን መንገድ የሚያሳይ ሣጥን የለም።

የሸማኔው ልጅ የወጣው ሠላሳ ስምንተኛ ነበር። አባቱ ካርዱን ተቀብለው ቁጥሩን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ልጁም አንገቱን ደፋ። ካርዱን ከእጃቸው ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና ልጁ የአማርኛ መጽሐፉን እንዲያነብላቸው ጠየቅሁት። ጣቱን ከቃል ወደ ቃል እያራመደ፣ እያዘገመ፣ ሁለት ጊዜም ተመልሶ እያረመ አንድ ገጽ አነበበ። አባቱ በጥሞና ሰሙት። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረው «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንብቦ ነው ወይስ በቃሉ ይዞት?» አሉኝ። መልስ ሳልሰጣቸው ራሳቸው መጽሐፉን ተቀብለው ብዙ ገጽ ገለበጡና በዘፈቀደ አንዱን ከፈቱ። «እስቲ ይህንን» አሉት። ማንበብ የማይችሉ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ግን እኔ ጥቅምት ላይ እንደፈተንሁት አድርገው ፈተኑት። ልጁ አዲሱን ገጽ ጀመረ፤ ከፊተኛው ይበልጥ አዘገመ፤ «ጎጆ» የሚለው ቃል ላይ ቆመ፤ «ጎ…ጆ» አለና ወደ አባቱ ቀና ብሎ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረ። አባቱ ሳቁ። «ገባው፤ ቤት ነው የሚለው» አሉኝ። ከዚያ ካርዱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ስለ ደረጃው ዳግመኛ አላነሡም።

በመጨረሻው ሳምንት ከሁለተኛ ክፍል መምህሩ ጋር ቁጭ ብለን ያንን ወፍራም ደብተር ገጽ በገጽ ገለጥነው። ከክፍሌ ልጆች ዘጠኙ ገና ቃል ማገጣጠም አልቻሉም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጅን አለመጣል በአገራችን የቆየ አሠራር ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ጓደኞቹ ጥለውት ሲሄዱ የሚያገኘው ትምህርት የለምና። ነገር ግን ልጁ ሲያልፍ የት እንደደረሰ የሚናገር ሰው አብሮት ካላለፈ፣ አዲሱ መምህር ያልነበረ መሠረት ላይ ይገነባል። ስለ ዘጠኙ ልጆች አንድ በአንድ ተነጋገርን፤ አራቱ የሚያውቁትን ፊደል ከረድፉ ውጭ የማያገኙ ናቸው፤ ሁለቱ ከዓመቱ ግማሽ በላይ ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፤ አንዱ ዓይኑን መታየት አለበት፤ የቀሩት ሁለቱ አማርኛው ራሱ ገና ነው። ባልደረባዬ «ታዲያ ለአራቱ ከምን ልጀምር?» አለኝ። ካርዶቹን ሰጠሁት። ከመስከረም ጀምሮ ዘጠኙ ልጆች ከሰልፍ በፊት ወደ እኔ በረንዳ እንዲመጡ፣ ዓይኑን የሚታመመው ልጅ እናት ደግሞ በክረምቱ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት እኔ ራሴ ሰፈራቸው ሄጄ እንዳነጋግራቸው ተስማማን።